እየተሠራ ያለ ቤትን ከስርቆት መጠበቅ፦ ዘበኛ፣ መጋዘን፣ አጥር ወይስ ካሜራ?

ቤት ማሠራት የጀመረ ሰው ስለ ስርቆት ሲያስብ ቶሎ የሚመጣበት ጥያቄ «ዘበኛ ልቅጠር ወይስ ካሜራ ላስገጥም?» የሚል ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ዕቃው የሚወጣው በየት በኩል ነው? በማንስ እጅ? ሌሊት አጥር ዘሎ የሚገባው ሌባ አንድ ነው። ሥራ ሲያልቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በበሩ የሚወጣው ሌላ ነው። ሲሚንቶ ሲራገፍ ቆጠራ የሚያሳስት አለ፤ ሲቦካ ከሲሚንቶው የሚቀንስም አለ። አንዱን የሚያስቆም መከላከያ ሌላውን አይነካውም። ካሜራ አጥር ዘላዩን ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ሰባት ከረጢት መግባት ባለበት ኮንክሪት ስድስት ሲገባ ግን አይናገርም።

እዚህ የምናነጻጽረው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በብዛት የሚታየውን ዓይነት ግንባታ ይዘን ነው፤ 250 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የሚቆም ጂ+1 ቤት፣ ባለቤቱ ማቴሪያሉን እያቀረበ በእጅ ዋጋ (ለሥራው ጉልበት ብቻ እየከፈለ) የሚያሠራው። አቋማችንን አስቀድመን እንናገር፦ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ቆጠራና መጋዘን ላይ፣ ቀጥሎ ዘበኛ ላይ፣ ከዚያ አጥርና መብራት ላይ፣ በመጨረሻ ካሜራ ላይ አውሉት። ይህን ቅደም ተከተል የሚቀይሩ ሁኔታዎች አሉ፤ በየቦታቸው እንጠቅሳቸዋለን።

ምን፣ መቼ ይሰረቃል?

መሠረት ሲወጣና ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ሲቆም የሚፈለገው ሲሚንቶ፣ ፌሮ (የኮንክሪት ብረት)፣ የማሰሪያ ሽቦ እና ምስማር ነው። ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ከተሞላ በኋላ ደግሞ የድጋፍ አጣናው፣ ጣውላውና ሞራሌው ዓይን ውስጥ ይገባል። ጣሪያ ሲደርስ ቆርቆሮ። ሁሉም ከባድ ወይም ግዙፍ ስለሆነ በብዛት ለማውጣት መኪና ወይም ጋሪ ይጠይቃል፤ ያለ ውስጥ አዋቂ በብዛት አይሄድም።

ፊኒሺንግ (የማጠናቀቂያ ሥራ) ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ ጥቅል 100 ሜትር ሲሆን በውስጡ ያለው መዳብ 2.2 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል፤ አንድ ሰው ከጃኬቱ ሥር ይዞት ይወጣል። የቧንቧ ጭንቅላት፣ ሶኬት፣ ብሬከር፣ የበር ቁልፍ ሁሉም እንዲሁ ነው። በዋጋ ሲታይ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ብዙ ባለቤቶች ግን «ቤቱ በር ገጠመ» ብለው ዘበኛውን የሚያሰናብቱት ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

ከሁሉም የከፋው የቆመ ግንባታ ነው። ገንዘብ አልቆ ወይም ፈቃድ ተጓትቶ ሥራ ሲቆም ሠራተኛ የለም፣ የሚጠይቅ የለም፣ ዘበኛውም ደመወዙ ይዘገያል። ሥራ ሊቆም መሆኑ እንደታወቀ እንጨቱንና የተረፈውን ፌሮ ከሳይቱ ማውጣት ወይም መሸጥ ይሻላል።

ቆጠራ፦ በጣም ርካሹ መከላከያ

አንድ የ50 ገጽ ደብተርና አንድ የታመነ ሰው ከየትኛውም ካሜራ ይበልጣሉ። የሚያስፈልገው ገቢ፣ ወጪ እና ቀሪ የሚያሳይ መዝገብ ነው፤ ለየዕቃው አንድ ገጽ።

*ሲሚንቶ።* ለመዋቅር ኮንክሪት በሜትር ኩብ 350 ኪሎ፣ ማለትም 7 የ50 ኪሎ ከረጢት ብላችሁ ያዙ (ትክክለኛውን መጠን ከመሐንዲሳችሁ ውሰዱ)። 100 ካሬ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙሉ ሶሌታ 15 ሜትር ኩብ ነው፤ 105 ከረጢት፣ ወይም 52 ኩንታል ተኩል ይፈልጋል። ከየሰባቱ አንዱ ቢሰወር በሜትር ኩብ 350 ኪሎ የነበረው 300 ይሆናል። ይህ ከገንዘብ ኪሳራ ያለፈ ጉዳይ ነው። የጠፋ ፌሮ በሌላ ይተካል፤ ሲሚንቶ የጎደለው ሶሌታ ግን ልጆቻችሁ ከሚተኙበት ክፍል በላይ ዕድሜውን ሁሉ ይቀመጣል። ስለዚህ በሶሌታ ቀን ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ሚክሰሩ አጠገብ ይቁም። ከረጢት የሚከፈተው ሚክሰሩ አፍ ላይ ብቻ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ከረጢት ይግባ፤ አሸዋና ጠጠሩ ልኩ በታወቀ ሣጥን ይለካ። ባዶ ከረጢቶቹን ሰብስቡ፣ በቢላ ቅደዱ፣ ማታ ቁጠሩ። የሚቀደዱት በሌላ ነገር ተሞልተው ተመልሰው እንዳይሰፉ ነው።

ሬዲ ሚክስ (ተቦክቶ በመኪና የሚመጣ) ኮንክሪት ማዘዝ ሲሚንቶ ከሳይቱ ላይ የሚሰረቅበትን ዕድል በአንድ ጊዜ ያስቀራል፤ መኪናውና ፓምፑ የሚገቡበት መንገድ ካላችሁና መጠኑ ከበዛ ልታስቡበት ይገባል። በምትኩ የሚመጣውን መጠን መቆጣጠርና ጥንካሬው የሚመረመርበት የናሙና ኩብ ማስወሰድ ያስፈልጋል።

*ፌሮ።* የአንድ ሜትር ክብደቱን ለማወቅ ዲያሜትሩን በራሱ አባዙና ለ162 አካፍሉ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር፦ 144 ሲካፈል ለ162፣ 0.889 ኪሎ በሜትር፤ የ12 ሜትር ቤርጋው (አንዱ ሙሉ ዘንግ) 10.67 ኪሎ ነው። ባለ 8 ቤርጋ 4.74፣ ባለ 10 ቤርጋ 7.41፣ ባለ 14 ቤርጋ 14.5፣ ባለ 16 ቤርጋ 19 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በኪሎ ከገዛችሁ ቤርጋውንም ቁጠሩ፤ በቤርጋ ከገዛችሁ ጥቂቶቹን መዝኑ። 100 ቤርጋ ባለ 12 ከ1,067 ኪሎ በብዙ ቢያንስ ወይ ቁጥሩ ጎድሏል ወይ ብረቱ ቀጭን ነው።

ሙሉ ቤርጋ ይዞ በድብቅ መውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ጤነኛው ብረት መጀመሪያ «ቁርጥራጭ» ይደረግና በኋላ ለቁራሌው ይሸጣል። መፍትሔው የመቁረጫ ዝርዝር ነው፦ ከየትኛው ቤርጋ ምን ያህል ርዝመት እንደሚወጣና ስንት እንደሚተርፍ ሥራው ሳይጀመር ይጻፍ። ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ትራፊ ሁሉ ለስታፋ (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን ለሚያቅፈው ቀለበት) እና ለመደገፊያ ስለሚሆን ወደ መጋዘን ይመለስ። ከዚያ በታች ያለውን ባለቤቱ ራሱ መዝኖ ይሽጥ። «ለሠራተኛው ይሁን» የሚል ልማድ ካለ፣ ሽያጩ ካለቀ በኋላ ገንዘቡን ስጡ እንጂ ብረቱን አትስጡ። ብረቱ የነሱ ከሆነ ቁርጥራጩ መብዛቱ አይቀርም።

*አሸዋና ጠጠር።* እዚህ ስርቆቱ ያለው መኪናው ላይ ነው። ከመገልበጡ በፊት ወደ ላይ ውጡ፤ የጭነቱን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሜትር ለኩና አባዙ። መሃሉ ተቆልሎ ጥጋጥጉ ጎድሎ ከሆነ ከፍታውን አምስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። 16 ሜትር ኩብ ተብሎ ለሚሸጥ ሲኖ ትራክ ልዩነቱን አስልታችሁ የምትከፍሉት በለካችሁት መጠን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከተገለበጠ በኋላ የሚነሳ ክርክር ዋጋ የለውም።

መጋዘን፦ የቆርቆሮ ቤት፣ ኮንቴይነር ወይስ የራሱ የቤቱ ክፍል?

የቆርቆሮ መጋዘን በአንድ ቀን ይቆማል፤ 3 በ4 ሜትር ለጂ+1 ይበቃል። ድክመቱ ግድግዳው ነው። ሌባ ጓጉንቸሩን አይነካም፤ ከኋላ አንድ ቆርቆሮ በዲጂኖ ፈልቅቆ ይገባል። ስለዚህ ከውስጥ በኩል እስከ ጣሪያው ድረስ ጣውላ ወይም የብረት መረብ ይመታበት፤ የምስማሮቹ ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። የበሩ ማያያዣ በምስማር ከተመታ ጓጉንቸሩ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ፋይዳ የለውም። ብሎን ከውጭ ወደ ውስጥ አሳልፋችሁ፣ ከውስጥ በዳዶ አጥብቃችሁ፣ ዳዶውን በብየዳ አስነኩት።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር (ውስጡ 5.9 በ2.35 ሜትር ገደማ) ለመስበር ከሁሉም ይከብዳል፤ ዝናብም አያስገባም። ችግሩ ሌላ ነው። ባዶውን ከሁለት ቶን በላይ ስለሚመዝን ለማስገባትም ለማስወጣትም ክሬን ይጠይቃል፤ በጠባብ መንገድ አይገባም፤ ከ250 ካሬ ሜትር ላይ ብዙ ቦታ ይይዛል። ቤቱ ከቆመ በኋላ ማውጫ ያጡ አሉ፤ ከማስገባታችሁ በፊት የሚወጣበትን መንገድ በወረቀት ላይ አስምሩ። ሁለትና ሦስት ቤት በአንድ ላይ ለሚያሠሩ ወንድማማቾች ወይም ማኅበርተኞች ግን ኪራዩ ያዋጣል።

እኛ የምንመርጠው ሦስተኛውን ነው። እስከ መጀመሪያው ሶሌታ በቆርቆሮ መጋዘን ቆዩ፤ ሶሌታው እንደጠነከረና ድጋፉ እንደወጣ ከምድር ቤቱ ክፍሎች አንዱን፣ በተለይ መስኮቱ አንድ ብቻ የሆነውን፣ አስቀድማችሁ በብሎኬት ዝጉ። የመስኮቱን ክፍት ቦታ በደካማ ሞርታር (1 ሲሚንቶ ለ8 አሸዋ) በብሎኬት ድፈኑት፤ በኋላ ሲፈለግ በቀላሉ ይፈርሳል። ከላይ ሁለት ብሎኬት በጎኑ አስቀምጣችሁ አየር ይግባበት። በሩን የላሜራ በር አድርጉ፤ ያው በር በኋላ ለሠራተኛ ቤት ወይም ለዕቃ ቤት ይሆናል። ጣሪያው ኮንክሪት፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወጪው በሩ ብቻ ነው።

የትኛውም መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከ10 ከረጢት ባልበለጠ ቁመት ይደርደር። ቁልሎቹን እኩል አድርጉ፤ ሁሉም ባለ 10 ከሆነ ከበሩ ላይ ቆማችሁ በአንድ ዓይን ትቆጥራላችሁ። ግራይንደር፣ ድሪልና ዲጂኖ ማታ ሳይቱ ላይ አይደሩ፤ ካደሩ ለሌባው መሣሪያ አዘጋጅታችሁ ጠበቃችሁት ማለት ነው። ፌሮ መጋዘን ስለማይገባ እየታሠረ ወፍራም ሰንሰለት ይግባበትና ከኮለን ብረት ጋር ይቆለፍ፤ ጫፎቹንም በአንድ የተለየ ቀለም ርጩ። ቀለሙ ኋላ «የኔ ነው» ለማለት ማስረጃ ይሆናል።

ዘበኛ፦ አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ፈረቃ ወይስ ኤጀንሲ?

በእኛ አገር የተለመደው ሳይቱ ላይ ጎጆ ተሠርቶለት ከነቤተሰቡ የሚኖር ዘበኛ ነው። ብዙ ጊዜም ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ እሱ ገበያ ሲወጣ ሚስቱ አለች፣ ማታ ጭስና መብራት ይታያል፣ ቦታው «ሰው ያለበት» ይመስላል። ነገር ግን ከአንድ ሰው ምን እንደምትጠብቁ አስቡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል፤ ሳምንቱ ግን 168 ሰዓት ነው። ሳያቋርጥ ለመጠበቅ ከሦስት ሰው በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። ቀን ሲሚንቶ እያሸከማችሁ ሌሊት እንዲነቃ የምትፈልጉት ሰው ይተኛል፤ መተኛቱም ጥፋቱ አይደለም። ቀን የጉልበት ሥራ አታሠሩት። ሥራው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሠራተኛ ሲወጣ ይጀምር፤ ጎጆውም ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ይሁን። ዘበኛ በአንድ ጥግ፣ መጋዘን በሌላ ጥግ ሲሆን ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት የክረምት ሌሊት ቢፈለቀቅ እንኳ አይሰማም።

ሁለት ዘበኛ በፈረቃ መቅጠር የሚያዋጣው ፊኒሺንግ ላይ ነው፤ ወጪው እጥፍ ቢሆንም ዘመኑ አጭር ነው። የጥበቃ ኤጀንሲ ደግሞ ጥቅሙ ተጠያቂነት ነው፦ ሰው ሲቀር ተተኪ ይልካል፤ በውሉ ላይ ከተጻፈ ለጠፋው ዕቃም ይጠየቃል። ከመፈረማችሁ በፊት ያንን አንቀጽ አንብቡ። «በቸልተኝነት ለጠፋ» ከሚለው ቀጥሎ ቸልተኝነቱን ማን እንደሚወስን፣ እስከ ምን ያህል ብር እንደሚከፈል መጻፍ አለበት። ዘበኛው በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ የሠራተኞቹን ፊት አያውቅም፤ ያ ዋናውን ጥቅም ያሳጣል። ጎረቤት ለጎረቤት ሦስት አራት ግንባታ ተጠጋግተው ካሉ አንድ ጠንካራ የሌሊት ዘበኛ በጋራ መያዝም ይቻላል፤ እያንዳንዱ ግን የራሱ መጋዘን ሊኖረው ይገባል።

የትኛውንም ብትመርጡ የማይቀሩ ነገሮች አሉ። የመታወቂያ ወይም የፋይዳ ቅጂ፣ አድራሻው የሚታወቅ ተያዥ፣ የተጻፈ ውል። የፎርማኑ ወይም የግንበኛው ዘመድ ዘበኛ አይሁን፤ ሰዎቹ መጥፎ ናቸው ለማለት ሳይሆን አንዱ ሌላውን እንዲጠይቅ የምትፈልጉት ሰዎች ስለሆኑ ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ ዘበኛው አይያዝ፤ ቁልፍ የያዘው ደግሞ መዝገቡን አይጻፍ። ሁለቱ ሲለያዩ ለመስረቅ ቢያንስ ሁለት ሰው መስማማት ይኖርበታል። ደመወዙ በቀኑ ይከፈለው። ባለ ጠንካራ ብርሃን ባትሪ፣ ፊሽካና ካርድ ያለው ስልክ ስጡት፤ ሌባ ሲገባ ጮኾ ሰው ይጥራ እንጂ ብቻውን እንዳይጋፈጥ ንገሩት። ሕይወቱ ከፌሮ ይበልጣል።

የበዓል ሌሊቶችን አስቀድማችሁ አስቡባቸው። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለመስቀል ሠራተኛው አገሩ ይገባል፤ ዘበኛውም ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጠየቅም መብቱ ነው። ለነዚያ ቀናት ተተኪ ከሳምንት በፊት ተነጋገሩ።

አጥር፦ ጊዜያዊ ቆርቆሮ ወይስ ግንቡን ማስቀደም?

12.5 በ20 ሜትር የሆነ ቦታ ዙሪያው 65 ሜትር ነው፤ 4 ሜትር ለመኪና በር ብታወጡ 61 ይቀራል። አንድ ቆርቆሮ ተደራርቦ 75 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል ብትሉ 82 ቆርቆሮ፣ በየ2 ሜትሩ ደግሞ 31 ገደማ ቋሚ እንጨት ይፈልጋል። ቋሚው 60 ሴንቲ ሜትር ይቀበር። ሁለቱ አግዳሚዎች በውስጥ በኩል ይሁኑ፤ በውጭ ከሆኑ መሰላል ሆነው ያገለግላሉ። ከሥር ክፍተት አትተዉ፤ ፌሮና የቧንቧ ቱቦ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። የምስማሩን ጫፍ ከውስጥ እጠፉት፤ አለዚያ ቆርቆሮው ራሱ ይሰረቃል።

ለ2 ሜትር ከፍታ ግንብ ያው 61 ሜትር 122 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በካሬ 12.5 ብሎኬት ሲታሰብ 1,525 ብሎኬት ነው፤ መሠረቱና ኮለኑ ሳይጨመር። ወጪው ከባድ ቢመስልም የኋላ ኋላ የሚወጣ ወጪ ነው፤ የምታስቀድሙት ብቻ ነው። ወሰናችሁ ጥርት ያለና ፈቃዳችሁ አጥሩን የሚያካትት ከሆነ፣ ግንባታውም ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስድ ከሆነ ግንቡን አስቀድሙ። በስድስት በስምንት ወር የሚያልቅ ከሆነ ወይም ቦታው ጠቦ መኪና መዞሪያ የሚያጣ ከሆነ ቆርቆሮው ይበቃል፤ ቆርቆሮው በኋላ ለሌላ ይሆናል።

ሁለቱም ላይ በሩ አንድ ብቻ ይሁን። ሠራተኛ ለአቋራጭ የሚከፍታት ትንሽ ቀዳዳ በሳምንት ውስጥ ሁለተኛ በር ትሆናለች።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ አጥር ላይ የተዘረጋ ሽቦ ከ220 ቮልት መስመር ጋር አታገናኙ። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ሽቦው ሌባውን ከሠፈር ልጅ፣ ከዘበኛችሁ ልጅ፣ በዝናብ ቀን አጥር ከሚደገፍ መንገደኛ አይለይም፤ ሰው ቢሞት በወንጀል የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። የኤሌክትሪክ አጥር ካስፈለገ ለዚሁ የተሠራ፣ አጭር ምት እየሰጠ የሚያርፍ መሣሪያ በባለሙያ ይገጠም፤ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ።

አስቀድሞ መግዛት ወይስ በየደረጃው?

ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ገበያ «ዛሬ ልግዛ» ማለት ያስተዋይ ሰው ሐሳብ ነው። ግን የተከማቸ ዕቃ ይታያል፣ ይወራል፣ ይሰረቃል። ሲሚንቶ ከሁለት ሳምንት ሥራ በላይ አታከማቹ፤ ከስርቆቱ ሌላ እርጥበት ይዞት ይጠጥራል። ፌሮ አስቀድሞ መግዛት ያዋጣል፤ ግን በዝርዝሩ መጠን ብቻ፣ ታስሮና ተቆልፎ። ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ ሶኬትና ሽቦ አስቀድማችሁ ብትገዙም የምትኖሩበት ቤት ወይም ዘመድ ዘንድ ይቀመጡ እንጂ ሳይቱን አይርገጡ። ሻጩ ዘንድ ከፍሎ ማስቀመጥ ሌላ አማራጭ ነው፤ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ሞዴል፣ ብዛትና የማስረከቢያ ቀን ካልተጻፈ ግን ስጋቱን ከሳይት ወደ ሱቅ አዛወራችሁት እንጂ አልቀነሳችሁትም።

ሽቦን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ራሱ መከላከያ ነው። ልስን ከመደረጉ በፊት ኮንዱይቱን (ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ) ብቻ አስቀብሩ፤ በውስጡ ቀጭን መጎተቻ ሽቦ ተዉበት። መዳቡ የሚሳበው በርና መስኮቱ ገጥሞ ከተቆለፈ በኋላ ነው። ኤሌክትሪሻኑ «አሁን ልጨርሰው» ቢል እንኳ አትስማሙ፤ በሣጥኑ አፍ የተንጠለጠለ ሽቦ በደቂቃ ውስጥ ተስቦ ይወጣል።

የእጅ ዋጋ ወይስ ከነማቴሪያሉ?

ስለ ስርቆት ሲወራ ውሉ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሆኖም ኪሳራው የማን እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነው። ከነማቴሪያሉ ከተዋዋላችሁ እስከ ርክክብ ድረስ የጠፋው ኮንትራክተሩ ላይ ይወድቃል፤ እንቅልፋችሁን ትተኛላችሁ። ነገር ግን ሲሚንቶና ብረት የሚቀንስበት ምክንያት አሁን እሱ ዘንድ አለ፤ ስለዚህ ያተረፋችሁትን የዘበኛ ገንዘብ ገለልተኛ መሐንዲስ ላይ አውሉት። በእጅ ዋጋ ካሠራችሁ ሠራተኛው ለብክነቱ ግድ የለውም፤ ውሉ ላይ «ፈርሞ ከመጋዘን ላወጣው ዕቃ ኃላፊ ነው» የሚል አንቀጽና የሚፈቀደው ብክነት መጠን ይጻፍ። ለቤተሰብ ቤት፣ ባለቤቱ ወይም የሚያምነው ሰው በየቀኑ ሳይቱ ላይ መገኘት ከቻለ የእጅ ዋጋውን፣ ካልቻለ ከነማቴሪያሉን እንመርጣለን።

ካሜራና መብራት

በሳይት ላይ መብራት የሚቋረጥና ኢንተርኔት የሌለ ስለሆነ የሚሠራው በሶላር የሚሞላ፣ ሲም ካርድ የሚወስድ ካሜራ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ዳታውን አስሉ። በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት የሚልክ ምስል በሰዓት 450 ሜጋ ባይት ይበላል፤ ሌት ተቀን በቀጥታ ቢታይ በቀን ወደ 11 ጊጋ ባይት ይደርሳል። ስለዚህ እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ እንዲቀዳና ማስጠንቀቂያ እንዲልክ አስተካክሉት፤ ቀጥታውን ስትፈልጉ ብቻ ክፈቱ። ቅጂው ካሜራው ውስጥ ባለው ሜሞሪ ብቻ ከቀረ ካሜራው ሲሰረቅ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል፤ ፎቶውን ወደ ስልካችሁ የሚልክ ይሁን።

አንዱን ወደ በሩ፣ አንዱን ወደ መጋዘኑ፣ እርስ በርስ እንዲተያዩ አድርጋችሁ 3.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ 60 ሴንቲ ሜትር በኮንክሪት በተቀበረ የብረት ቱቦ ላይ ስቀሉ። ሻጩ በጨለማ 30 ሜትር ያያል ቢልም የሰው ፊት ለመለየት ከ8 ሜትር በታች ብላችሁ አስቡ። ወደ ጎረቤት ግቢ አይዙር። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ስለሚከብድ ባትሪውን በየሦስት ቀኑ ተከታተሉ።

በእንቅስቃሴ የሚበራ የሶላር መብራት ዋጋው ከካሜራ በጣም ያነሰ ሆኖ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ዘበኛውን ይቀሰቅሳል፣ ጎረቤትንም ያነቃል። ከካሜራ በፊት እሱን ግዙ። ደግሞ ዘበኛ በሌለበት ካሜራ ማስቀመጥ ስርቆቱን በስልካችሁ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው፤ የሚደርስ ሰው ከሌለ ማስጠንቀቂያው ለማን ነው?

መድን

የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን ጨምሮ በርካታ ኩባንያዎች ለግንባታ የሚሆን «ኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ» የሚባል ዋስትና ይሸጣሉ። ተሰብሮ ለተዘረፈ ይረዳል። በተለመደው የፖሊሲው ቃል ግን በቆጠራ ጊዜ ብቻ የታወቀ ጉድለት አይካተትም፤ በቀን ጥቂት ጥቂት የወጣ ሲሚንቶ አይከፈልም ማለት ነው። ተቀናሹንም (ከኪሳራው ራሳችሁ የምትሸፍኑትን ድርሻ) ጠይቁ፤ ከፍተኛ ከሆነ ለአንድ የግል ቤት አብዛኛው ስርቆት ከሱ በታች ይወድቃል። በባንክ ብድር ለሚሠራ ወይም ብዙ ማሽን ሳይት ላይ ለሚያሳድር ሰው ያስፈልጋል፤ ለሌላው ገንዘቡ ዘበኛ ላይ ቢውል ይሻላል።

ውጭ አገር ሆናችሁ የምታሠሩ ከሆነ

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ እየላኩ ቤት ለሚያሠሩ ቅደም ተከተሉ ይቀየራል፤ ካሜራው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይወጣል፤ ከነማቴሪያሉ ውልና ገለልተኛ መሐንዲስም ይመረጣል። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ሲወከል ሁሉንም ነገር ለሱ መስጠት ፈተና ውስጥ ማስገባት ነው። የሚገዛው፣ የሚረከበውና የሚዘግበው ሦስት ሰው ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት። ክፍያውን ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ ለሻጩ ላኩ። ለእያንዳንዱ ጭነት አራት ፎቶ ጠይቁ፦ የመኪናው ታርጋ፣ ጭነቱ ከመራገፉ በፊት፣ ተራግፎ ከተደረደረ በኋላ፣ ደረሰኙ። ውክልናውም ለግንባታ ጉዳይ ብቻ ይሁን፤ የመሸጥና የማስያዝ ሥልጣን አይካተትበት።

ከተሰረቀስ?

የተሰበረውን ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፤ ከመዝገቡ ጋር አመሳክራችሁ የጎደለውን በቁጥር ጻፉ፤ ደረሰኝና የማሽኖቹን ተከታታይ ቁጥር ይዛችሁ በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ። የተጠረጠረን ሰው መደብደብ ወይም ደመወዙን ያለ ማስረጃ መያዝ እናንተን ተከሳሽ ያደርጋል። ዘበኛውን በዚያው ሌሊት አታባሩ፤ የሚያውቀው ነገር ካለ አብሮት ይሄዳል። በተከታዮቹ ሁለት ሳምንታት ጥበቃውን አጠንክሩ፤ መግቢያውን ያገኘ ሌባ ዕቃው ሲተካ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ግንባታው ሲያልቅም አንድ ሥራ ይቀራል። በፊኒሺንግ ወራት የበሮቹን ቁልፍ አናጢው፣ ቀለም ቀቢው፣ ኤሌክትሪሻኑ ሁሉም ይዘውት ስለከረሙ ስንት ቅጂ እንዳለ አይታወቅም። በሩን ስትገጥሙ ርካሽ የቁልፍ ሲሊንደር አስገቡ፤ ዋናውን ታሽጎ እንዳለ ቤታችሁ አስቀምጡና ዕቃ ከመግባቱ አንድ ቀን በፊት ራሳችሁ ቆማችሁ አስቀይሩት።